ካቫ በሱሉልታ፦ አረፋ ያለው ወይን እቤት ውስጥ አሠራር ከነታሪኩ

ሠርግ ላይ ኬኩ ከመቆረሱ በፊት ያ ወፍራም ጠርሙስ ይመጣል፣ ሚዜው ነቅነቅ ነቅነቅ ያረገውና ቡሹን ጣራ ላይ ይተኩሰዋል፣ ግማሹ አረፋ ምንጣፍ ላይ ይፈሳል፣ እልል ይባላል፣ በማግስቱ "ሻምፓኝ ጠጣን" ተብሎ ይወራል። እኔም እንደዛው ስጠጣና ሳወራ ነው የኖርኩት። አረፋው ከየት ይመጣል ብዬ የጠየቅኩት ሱሉልታ ቤት ሠርተን ከገባን በኋላ ነው፣ እሱም በብርዱ ምክንያት ነው። የእንጦጦን ጀርባ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ ጓሮ ያለችው የብሎኬት እቃ ቤታችን ክረምት ከበጋ ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ላይ ነው የምትውለው። ሚስቴ "እዚህ ክፍል በርበሬ እንኳን አይደርቅም" እያለች ታማርራለች። እኔ ግን ስፔኖች ይሄን የመሰለ ቅዝቃዜ ለማግኘት ሲሉ መሬት ቆፍረው ረጃጅም ዋሻ እንደሚሠሩ ካነበብኩ ወዲህ እቃ ቤቷን በሌላ ዓይን ነው የማያት።

እና ይሄ እንዴት እንደምሠራው ነው፣ 13 ጠርሙስ አካባቢ የሚወጣው፣ ለቤትና ለዘመድ እንጂ ለሽያጭ አይደለም። የተከተልኩት የስፔኖቹን የካቫ መንገድ ነው። ታሪኩን መሃል መሃል ላይ እከታለሁ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ስቴፕ አንድ ሰው ተሳስቶ ወይ ጠርሙስ ፈንድቶበት የተገኘ ነው፣ ታሪኩን ያላወቀ ስቴፕ ይዘላል፣ ስቴፕ የዘለለ ደሞ እንደኔ ይሆናል፣ እመጣበታለሁ። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።

አረፋው ምንድነው ለሚለው ጠላ ጠምቆ የሚያውቅ ሰው መልሱ እጁ ላይ ነው። እርሾ ስኳር ይበላል፣ አልኮልና ካርቦንዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ ጋኑ ስለሚተነፍስ ጋዙ ይሄዳል። አሁን አንዴ ፈልቶ ባለቀ ወይን ላይ ትንሽ ስኳርና እርሾ ጨምራችሁ ጠንካራ ጠርሙስ ውስጥ ብትቆልፉት ጋዙ መሄጃ ያጣና እዛው ወይኑ ውስጥ ይሟሟል። ሚስጥሩ ይቺ ነች። ሌላም መንገድ አለ፣ ርካሾቹ እንደ ለስላሳ ጋዝ ይነፋባቸዋል፣ ጣልያኖች ፕሮሴኮ የሚሉትን አረፋ ያለው ወይናቸውን ብዙውን ሁለተኛ የሚያፈሉት ትልቅ የታሸገ ታንከር ውስጥ ነው (ማርቲኖቲ የሚባል ጣልያናዊ በ1895 ጀመረው፣ ሻርማ የሚባል ፈረንሳዊ በ1907 አሻሻለው)፣ ሻምፓኝና ካቫ ግን በምትከፍቱት ጠርሙስ ውስጥ ነው ፈልተው የሚያድሩት። ታንከር የለንም፣ ጠርሙስ አለን።

ስለ ታሪኩ ሰው ሁሉ የሚያወራው ዶም ፔሪኞን የሚባል መነኩሴ "ኮከብ ጠጣሁ" ብሎ ፈጠረው የሚለውን ነው። ሰውዬው አለ፣ ከ1668 ጀምሮ ሻምፓኝ በሚባለው የፈረንሳይ አገር (ወይኑም ስሙን ያገኘው ከዛ ነው) ኦቪሌ የሚባል ገዳም የወይን ኃላፊ ነበር፣ ግን እድሜውን ሙሉ የደከመው አረፋው እንዳይመጣበት ነው፣ ለሱ አረፋ ማለት የተበላሸ ወይን ነበር። ክረምት ሲገባ ብርዱ እርሾውን ያስተኛዋል፣ ወይኑ አለቀ ተብሎ ይታሸጋል፣ በጸደይ ሙቀት ሲመጣ እርሾው ይነቃና ጠርሙሱ ይፈነዳል። ስኳር አውቆ ጨምሮ ወይንን አረፋ ማስያዝን መጀመሪያ የጻፉት እንግሊዞች ናቸው፣ ክሪስቶፈር ሜሬት የሚባል ሰው በ1662 ለንደን ሮያል ሶሳይቲ በሚባለው የሳይንስ ማህበር ፊት ባቀረበው ጽሁፍ የወይን ነጋዴዎች ወይናቸውን ለማንቃት ስኳር እንደሚጨምሩ ተናግሯል። ለምን እንግሊዝ? ጠርሙስ። ንጉሣቸው ቀዳማዊ ጄምስ በ1615 ለመርከብ የሚሆን እንጨት እንዳያልቅ ብሎ የብርጭቆ ምድጃዎች እንጨት እንዳያነዱ ከለከለ፣ ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ፣ የከሰል እሳት ደሞ በጣም ስለሚያግል ወፍራምና ጠንካራ ጠርሙስ ወጣ። ጨረስኩ፣ ጠርሙስ የሚለውን ቃል ግን ያዙልኝ።

አሁን ስፔን። ካቫ የሚባለው በብዛት የሚወጣው ካታሎኒያ ነው፣ ከባርሴሎና ወጣ ብላ ያለች ሳንት ሳዱርኒ ዳኖያ የምትባል ትንሽ ከተማ እናቱ ነች፣ ለባርሴሎና እንደኛዋ ሱሉልታ በሏት። እዛ ኮዶርኒዩ የሚባል የወይን ቤተሰብ አለ፣ ወረቀታቸው ከ1551 ይጀምራል። ከነሱ ዘር ጁሴፕ ራቬንቶስ የሚባለው ሰውዬ ፈረንሳይ ሄዶ ሻምፓኝ ሲሠራ አይቶ ተመለሰና በ1872 በፈረንሳዩ መንገድ፣ ግን በራሱ አገር ወይን የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች አወጣ። ከዛ በ1887 አካባቢ ፊሎክሴራ መጣባቸው፣ ከአሜሪካ የመጣ ቅማል የምታህል ተባይ ነች፣ የወይኑን ሥር ነው የምትበላው፣ አገሩን አደረቀችው። መፍትሄው አስቂኝ ነው፣ ተባዩዋ የአሜሪካን ወይን ሥር ስለማትገድል የራሳቸውን ወይን ቅርንጫፍ በአሜሪካ ሥር ላይ ቀጠሉት። እና እንደ አዲስ ሲተክሉ በፊት ቀይ ወይን የነበረበትን መሬት ለአረፋ በሚሆኑ ነጭ ወይኖች ሞሉት፣ ማካቤዎ፣ ሻሬሎና ፓሬያዳ። ዛሬም የካቫ ሦስት ጉልቻ እነሱ ናቸው። እስካሁን በየዓመቱ ሴፕቴምበር 8 የፊሎክሴራ በዓል ያከብራሉ፣ ሰዎች ቢጫ ተባይ መስለው ለብሰው ርችት እየተኮሱ ከተማውን ያተራምሱታል። ቀኑን ስቆጥረው ጳጉሜ 3 ሆኖ አገኘሁት፣ እኛ ለሩፋኤል ዝናብ ስንጠብቅ እነሱ ጎዳና ላይ እሳት ይረጫሉ።

ወደ ሥራው። 20 ኪሎ ወይን ያስፈልጋችኋል። እኔ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ካለው አትክልት ተራ ነው የማመጣው፣ ዋጋው ወረድ ሲል፣ ለሊት ከገበሬ መኪና ሲራገፍ ብትደርሱ ይሻላል፣ ጠዋት የደረሰ ሰው የተጨፈለቀውን ነው የሚወስደው። እዚህ ጋ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የኛ አገር የሚበላ ወይን ስኳሩ አነስ ስለሚል ለጥሩ ቀይ ወይን አይሆንም ይባላል፣ ለአረፋ ወይን ግን የሚፈለገው እንዲህ ያለው ነው፣ ሻምፓኞችም ካቫዎችም ፍሬውን ቶሎ፣ ጎምዘዝ እያለ ነው የሚለቅሙት፣ ምክንያቱም ጠርሙስ ውስጥ ሁለተኛ ሲፈላ አልኮሉ ከ1 በመቶ በላይ ይጨምራል፣ ከመጀመሪያው 13 ከሆነ እርሾው ሰክሮ ይቸገራል። ስለዚህ በጣም የበሰለውን ትታችሁ ጠንከር ያለውን ምረጡ። ጥቁሩ ወይን ነው በብዛት የሚገኘው፣ እሱም ችግር የለውም፣ ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው፣ ውስጡ ነጭ ነው፣ ፈረንሳዮቹ ከሚተክሏቸው ሦስት ዋና ዋና ወይኖች ሁለቱ ጥቁር ናቸው፣ ሻምፓኙ ግን ነጭ ነው። ጥበቡ ቶሎ መጭመቅ ነው፣ ፍሬው ተጨፍልቆ ከልጣጩ ጋር ማደር የለበትም።

አጨማመቁ፣ የታጠበ እጅ፣ ንጹህ ሳፋ፣ የጠላ ማጥለያ ጨርቅ። በደንብ ጨፍልቁና ጨርቁ ውስጥ አርጋችሁ በዝግታ ጭመቁ፣ የመጨረሻዋን ጠብታ ለማውጣት አትታገሉ፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣው መራራና ቀለማም ነው። ሻምፓኝ ውስጥ ይሄ ህግ ነው፣ ከ4,000 ኪሎ ወይን ከ2,550 ሊትር በላይ ጭማቂ መውሰድ ክልክል ነው። ከ20 ኪሎ 12 ሊትር ገደማ ይወጣችኋል፣ አተላ ላይ የሚቀረው ሲቀነስ 10 ይሆናል። ጭማቂው ሮዝ ቢል አትደንግጡ፣ ግማሹ ቀለም ከእርሾው ጋር ይወርዳል፣ ባይወርድም ሮዝ ቆንጆ ነው።

ሃይድሮሜትር ግዴታ ነው። በመስታወት የተሠራች ተንሳፋፊ ነገር ነች፣ ፈሳሹ ውስጥ ስትከቷት ምን ያህል ስኳር እንዳለ ታሳያለች፣ ከውጪ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ አስመጡ፣ እግረ መንገዳችሁን ኢሲ 1118 የሚባለውን የወይን እርሾ ፓኬት አስጨምሩ፣ ዘሩ ከሻምፓኝ የተወሰደ ነው፣ ብርድ ይችላል፣ አልኮል ይችላል። የዳቦ እርሾ ለመጀመሪያው መፍላት እንደምንም ይሠራል፣ ለሁለተኛው ግን አይሆንም፣ አተላው እንደ ዱቄት ይበተናል እንጂ ተጠቅጥቆ አይወርድም። ጭማቂው 1.075 አካባቢ ካሳየ 10 በመቶ አልኮል ይሰጣል፣ በቂ ነው። ካነሰ በሊትር 17 ግራም ስኳር አንድ በመቶ ይጨምርላችኋል። ጣዕሙ ለስለስ ካለባችሁ ሦስት አራት ሎሚ ጨምቁበት።

ዘይት ወይ ጋዝ ያልነካው 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ገልብጡት፣ እርሾውን ጨምሩ፣ ክዳኑን ብሱና ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አስገብታችሁ ዙሪያውን በሰም ድፈኑ፣ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ውሃ ያለው ሃይላንድ ውስጥ ንከሩት። ጋዙ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፣ አየር አይገባም። ጎረቤታችን ያሉ እማማ ጠጅ በመጣል ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው፣ ጀሪካኑን በግራዋ ካላጠብከው ብለው አስጨነቁኝ፣ በግራዋ አጠብኩት፣ ደስ አላቸው። ከዛ "በወይራ አጥነው" ሲሉኝ ነው የተጣላነው፣ "እማማ ይሄ እኮ ጭስ አይወድም" ብላቸው "ጭስ የማይወድ መጠጥ አለ እንዴ ልጄ?" አሉ። እቃ ቤት ውስጥ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈላል። ቀዝቅዞ ከ10 ዲግሪ ከወረደ ይቆማል፣ እኔ ብርድ ሲበረታ ጋቢ አልብሼዋለሁ፣ የሳቀ ይሳቅ። ሲያቆም በቱቦ ከላይ ከላይ ወደ ሌላ ጀሪካን ሳቡት፣ አፉ ድረስ ሙሉት፣ አንድ ወር ተዉት፣ ከዛ ድገሙት። ጥርት ማለት አለበት። ሃይድሮሜትሩ 0.995 ወይ ከዛ በታች ማሳየት አለበት፣ በሳምንት ልዩነት ሁለቴ ለኩ፣ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ አልቋል። ቅመሱት፣ ቀጭን፣ ጎምዛዛ፣ ምንም የማይመስል ነገር ነው፣ ልክ ነው፣ እንደዛ ነው መሆን ያለበት።

እዚህ ጋ ነው የመጀመሪያው ዓመት ጉዴ። ሃይድሮሜትር አልነበረኝም፣ ጸጥ ሲል አለቀ ብዬ፣ ስኳሩን በሾርባ ማንኪያ በግምት ጨምሬ፣ ተራ የወይን ጠርሙስ ውስጥ አሽጌ፣ ጤፍ ማዳበሪያው አጠገብ ደረደርኩት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተኩስ የመሰለ ድምጽ፣ ከዛ ሌላ፣ ከዛ ሁለት ባንዴ። የሰፈሩ ጥበቃ ባትሪ ይዞ አጥር ላይ ወጣ፣ ውሻው ሁሉ አበደ፣ ሚስቴ ልጆቹን ይዛ አልጋ ስር። ከ12 ጠርሙስ 7ቱ ሄደዋል፣ አንዱ ሲፈነዳ ስባሪው ጎረቤቱን ይመታል፣ እሱም ይፈነዳል። ሌላውስ ይሁን፣ ብርጭቆ ጤፍ ውስጥ ገብቶ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ነው የተጣለው፣ ይሄ እስከዛሬ በየበዓሉ ይነሳብኛል። በኋላ ሳነብ የድሮ ሻምፓኝ ሠራተኞች ዋሻ ሲገቡ የብረት ጭምብል ያጠልቁ ነበር ይላል፣ ምክንያቱ ይሄው ነው፣ ስኳሩን በግምት ነበር የሚጨምሩት። በ1830ዎቹ ፍራንስዋ የሚባል ፋርማሲስት ወይኑ ውስጥ የቀረውን ስኳር ለክቶ ምን ያህል መጨመር እንዳለበት ሂሳብ እስኪሠራላቸው ድረስ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ሊትር ወይን 4 ግራም ስኳር 1 ባር ግፊት ይሰጣል። ፋብሪካዎቹ 24 ግራም አካባቢ ይጨምሩና 6 ባር ያገኛሉ፣ የመኪና ጎማ 2 ባር ከትንሽ ነው እንግዲህ አስቡት። እኔ በሊትር 18 ግራም ነው የማረገው፣ ለ10 ሊትር 180 ግራም፣ 4.5 ባር ይሆናል፣ አረፋው በቂ ነው፣ ጠርሙሱም አይጨነቅም። ደሞ እዚህ ከፍታ ላይ የውጪው አየር ግፊት ከባህር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ያው ወይን ሲከፈት ከባርሴሎና የበለጠ ነው የሚገነፍለው። ስኳሩን በግራም ሚዛን ለኩ፣ በማንኪያ አይደለም፣ እባካችሁ።

ጠርሙስ ያልኩት ይሄ ነው። ዕቃው ሻምፓኝ ወይ ካቫ የነበረበት ጠርሙስ ብቻ ነው የሚሆነው፣ ቂጡ ወደ ውስጥ ጠልቆ የገባው፣ ባዶውን ስትመዝኑት 835 ግራም ወይ ከዛ በላይ የሚሆነው። ተራ ወይን ጠርሙስ የለም፣ ውስኪ ጠርሙስ የለም። እኔ ከቆራሌው ነው የምገዛው፣ ከየሠርግ አዳራሹ ይሰበስባል፣ መጀመሪያ ቀን "ጋሼ ይሄ ምን ያረግሎታል?" አለኝ፣ ቂጡን እያሳየሁ አስረዳሁት፣ አሁን ሲመጣ ራሱ በሁለት ጣት ለክቶ ነው የሚያመጣልኝ። ጭረት ያለውን፣ አፉ የተሸረፈውን መልሱለት። በሙቅ ውሃ እጠቡና ደፍታችሁ አድርቁ።

ቡሽ አሁን አይገባም፣ መጀመሪያ ቆርኪ ነው፣ እንደ ቢራ። ፋብሪካዎቹም እንደዛው ነው የሚያረጉት። አንድ ችግር አለ፣ የቢራ ቆርኪ 26 ሚሊሜትር ነው፣ ብዙ የፈረንሳይና የስፔን ጠርሙሶች ደሞ 29 ነው የሚፈልጉት፣ ስለዚህ የማሸጊያውን የእጅ ማሽንና ቆርኪውን ሳትገዙ የጠርሙሳችሁን አፍ ለኩ። እኔ ሳልለካ ገዝቼ 200 ቆርኪ ቁጭ ብሏል፣ ልጆቹ ዳማ ይጫወቱበታል።

ሁለተኛውን እርሾ ዝም ብላችሁ ወይኑ ላይ አትበትኑ፣ 10 በመቶ አልኮል ውስጥ ደረቅ እርሾ ሲገባ ይሞታል። ጥንስስ ሥሩለት። ግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ እርሾው፣ አረፋ ሲያወጣ ትንሽ ወይን፣ በማግስቱ ትንሽ ጨመር፣ በሦስተኛው ቀን ሁለት ብርጭቆ የሚሆን የነቃ ነገር ይኖራችኋል። 180 ግራሙን ስኳር በትንሽ ወይን አሟሙታችሁ ከጥንስሱ ጋር 10 ሊትሩ ውስጥ ጨምሩ፣ በንጹህ የእንጨት ማንኪያ ቀስ ብላችሁ ግን በደንብ አማስሉ፣ ስኳሩ ታች ከቀረ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ውሃ የመጨረሻዎቹ ቦምብ ይሆናሉ። እየሞላችሁ ሳላችሁም ደጋግሙት። ከአፉ ሦስት አራት ጣት አጉድላችሁ አሽጉ። እና ትንሽ ብልሃት፣ አንዱን የኮካ ላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሙሉት፣ ከሌሎቹ ጋር ይቀመጥ። በእጃችሁ ስትጫኑት ከቀን ቀን ሲጠነክር፣ መጨረሻ ላይ ድንጋይ ሲሆን፣ ውስጡ ምን እየሆነ እንደሆነ ብርጭቆዎቹን ሳትነኩ ታውቃላችሁ።

በጎን አስተኟቸው፣ ብርድ ልብስ አልብሷቸው (ብርጭቆው ቢበር እንዲይዘው)፣ ጤፍ አጠገብ አይደለም። በኛ ብርድ አረፋው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ከዛ በኋላ ነው ዋናው ትዕግስት። የሞተው እርሾ እዛው ጎኑ ላይ ተኝቶ ቀስ እያለ ይፈርስና ለወይኑ የትኩስ ዳቦ ሽታ ይሰጠዋል፣ ያ ክሬም የመሰለ አፍ ላይ የሚቀር ነገር ከዛ ነው የሚመጣው። ካቫ ለመባል ትንሹ ቆይታ 9 ወር ነው፣ ሬዘርቫ 18፣ ግራን ሬዘርቫ 30 ወር። ሻምፓኝ ትንሹ 15 ወር ነው። እኔ 9ኛው ወር ላይ ነው የማወጣው፣ ጥቅምት የታሸገ ሐምሌ ላይ ይደርሳል፣ ለእንቁጣጣሽ ይከፈታል። አንድ ሁለት ጠርሙስ ደብቃችሁ ለከርሞ ማቆየት ከቻላችሁ ልዩነቱን ራሳችሁ ታያላችሁ።

ሐምሌ ላይ ወይኑ አረፋ አለው ግን አተላም አለው፣ ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ይሄን አተላ አረፋው ሳይጠፋ እንዴት ታወጡታላችሁ? ይሄን ጥያቄ የፈታችው ሴት ነች። ባርብ ኒኮል ፖንሳርዳን፣ በ1805 ባሏ ሲሞት ገና 27 ዓመቷ ነበር፣ የወይን ንግዱን ተረከበች፣ ክሊኮ ባልቴት የሚለው ስም ጠርሙሱ ላይ እስከዛሬ አለ። በ1816 ጠረጴዛ በቀዳዳ አስበስታ ጠርሙሶቹን አንገታቸውን ወደ ታች ሰክታ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ማዞር ተጀመረ፣ አተላው ተንሸራቶ ቆርኪው ላይ ይቀመጣል። እኔም አናጢ ቤት ሄጄ ጣውላ አስበሳሁ፣ ሁለት ጣውላ በማጠፊያ ተያይዞ እንደ መሰላል የሚቆም፣ አናጢው የጫማ ማስቀመጫ መስሎት "አንድ አንድ እግር ብቻ ነው እንዴ የሚገባው?" አለኝ። ጠርሙሱ ቂጥ ላይ በቀለም መስመር አስምሩ፣ በየቀኑ ነቅነቅ አርጋችሁ አንድ ስምንተኛ ዙር አዙሩ፣ በየሳምንቱ ደሞ ቂጡን ወደ ላይ ቀና አርጉት፣ መጨረሻ ላይ አንገቱ ቀጥ ብሎ መሬት ማየት አለበት። እኔ ጠዋት ቡና እስኪፈላ 13ቱንም አዞራለሁ፣ ሦስት አራት ሳምንት ነው የሚወስደው። ካታሎኖቹ በ1970ዎቹ ይሄን የሚሠራ ማሽን አወጡ፣ ጂራሶል አሉት፣ የሱፍ አበባ ማለት ነው፣ አንዱ የብረት ሳጥን 504 ጠርሙስ ይዞ ባንዴ ይዞራል፣ ፋብሪካ ውስጥ በእጅ ሁለት ወር የሚፈጀውን በሳምንት ይጨርሳል። በኋላ ሻምፓኞቹም በእንዲህ ያለ ማሽን መሥራት ጀመሩ፣ በዚህ ካታሎኖቹ ይኮራሉ፣ ይገባቸዋል።

በነገራችን ላይ ካቫ የሚለው ስም በውድ የመጣ አይደለም። ስፔኖቹ ድሮ "ሻምፓን" እያሉ ነበር የሚሸጡት፣ ፈረንሳዮቹ በ1960 ለንደን ፍርድ ቤት "የስፔን ሻምፓኝ" የሚለውን አስከለከሉ፣ በ1986 ስፔን የአውሮፓ ማህበር ስትገባ ነገሩ ተዘጋ። ካቫ ማለት ጓዳ፣ ምድር ቤት ማለት ነው፣ ወይኑ የሚተኛበት። በስም እንዲህ የሚጣሉት ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሥራ ግን አንድ ነው፣ እኔ ቀምሼ ሁሌ መለየት አልችልም፣ እለያለሁ የሚል የሠርግ እንግዳ ካለ ደሞ ይምጣና ይለይ።

አተላውን የማስተፋቱ ቀን ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ነው፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ያለበለዚያ መቅመስ የለም። ጠርሙሶቹን አንገታቸውን እንደደፉ አንድ ሌሊት ፍሪጅ አሳድሩ፣ የቀዘቀዘ ወይን ጋዙን አጥብቆ ይይዛል። በባልዲ በረዶ ተሰባብሮ፣ በብዙ ጨው ይለወስ፣ ጨውና በረዶ ሲገናኙ ከዜሮ በታች 15 እና ከዛም በላይ ይወርዳል፣ እጃችሁን እንዳትከቱ። አንገቱን አራት አምስት ጣት ያህል ንከሩት፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ አተላው ከትንሽ ወይን ጋር በረዶ ሆኖ ይረጋል። የብየዳ መነጽር አርጉ፣ ወፍራም ጓንት፣ ፊታችሁን አዙሩ፣ ጠርሙሱን በደንብ አጋድሙና ቆርኪውን ንቀሉ። ጩ! ብሎ ያቺ የበረዶ ቡሽ ትበራለች፣ ወዲያው ቀና አርጋችሁ በአውራ ጣት ድፈኑ። የመጀመሪያው ላይ ግማሹን ታፈሳላችሁ፣ ሦስተኛው ላይ እጃችሁ ይለምዳል። አጥር ላይ አትተኩሱ፣ የጎረቤት ልብስ ተሰጥቶ ነበር።

ጎደሎውን ከሌላ ጠርሙስ ሙሉ፣ ከሱ በፊት ግን ጣፋጭነቱን ወስኑ። 50 ግራም ስኳር በወይን አሟሙታችሁ ጠቅላላው 100 ሚሊሊትር እንዲሆን አርጉ። ከሱ 12 ሚሊሊትር (የመድኃኒት ስሪንጅ ያለ መርፌ አሪፍ ነው) አንድ ጠርሙስ ውስጥ 6 ግራም ይሆናል፣ በሊትር 8 ማለት ነው፣ ብሩት ይባላል፣ ብሩት እስከ 12 ግራም ነው። ድሮ ሰው ጣፋጭ ነበር የሚወደው፣ በተለይ ራሺያኖች፣ ደረቁን (የማይጣፍጠውን ማለት ነው) እንግሊዞች ናቸው ያስጀመሩት፣ ፖምሪ የሚባለው የሻምፓኝ ቤት በ1874 ለነሱ ብሎ ያወጣው ብሩት ነው ፋሽን ያረገው። የኛ ሰው ደሞ በግልጽ እንነጋገር፣ ደረቁን ስሰጠው "ኮምጣጣ" ይለኛል፣ ስለዚህ ለእንግዳ 45 ሚሊሊትር ነው የምጨምረው፣ ሴክ የሚባለው ነው፣ አማቴ ያን ይወዱታል። ጣፋጩን ፍሪጅ አስቀምጡ፣ ትንሽ እርሾ ስለሚቀር ሞቆት እንዳይነቃ።

መዝጊያው፣ ለቤት ከሆነ እንደገና ቆርኪ ምቱበት በቃ። ለወግ የሚፈልግ ከርካሽ ጠርሙስ የወጣውን የላስቲክ ቡሽ አጥቦ ይመልሰው፣ የተፈጥሮ ቡሽ አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይገባም፣ አበጥ ይላላ። ላዩ ላይ ሽቦ ግድ ነው፣ ድሮ በገመድ ነበር የሚታሰረው፣ ገመዱን አይጥ ይበላዋል፣ ይበሰብሳል፣ በ1844 ዣክሶን የሚባል ፈረንሳዊ የቆርቆሮ ኮፍያና ሽቦ አወጣና ተገላገሉ። እኔ ፌሮ የሚታሰርበትን ጥቁር ሽቦ አራት እጥፍ አርጌ ነው የማስረው፣ አያምርም፣ ይይዛል።

ሲከፈት አትነቅንቁት፣ ሚዜውን ከጠርሙሱ አርቁት። በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ሽቦውን ፈታችሁ ቡሹን በአንድ እጅ አጥብቃችሁ ያዙ፣ የምታዞሩት ጠርሙሱን ነው። ቡፍ ማለት አለበት፣ ዷ! ካለ ያ ሁሉ ወር የጠበቃችሁት ጋዝ ሄደ። ጣራውን ከመታ የጣራው አረፋ ነው፣ የናንተ አይደለም።

ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ለት እማማን ጠራኋቸውና በብርሌ ቀዳሁላቸው፣ ሌላ ብርጭቆ አልነኩም ብለው ነው። ብርሌው ውስጥ ሽቅብ የሚወጣውን ኳስ ኳስ አዩት አዩትና "ተቆጥቷል ይሄ" አሉ፣ ጠጡ፣ ትንሽ ዝም ብለው "ጠጄንስ እንዲህ ታረገዋለህ?" አሉኝ። ይቻላል፣ ግን ጠጅ ብዙውን ጊዜ ማሩ ሳያልቅ ነው የሚጠጣው፣ እንደዛው ከታሸገ የኔ የመጀመሪያ ዓመት ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ሃይድሮሜትሩ 1.000 ወይ በታች ወርዶ ለሁለት ሳምንት እስካልተንቀሳቀሰ ድረስ ጠርሙስ አይነካም፣ ጌሾውም በደንብ ተጣርቶ መውጣት አለበት፣ የቀረ ቅንጣት ሲከፈት አረፋውን ባንዴ ያገነፍለዋል። ስኳሩንም ወደ 14 ግራም አውርጄዋለሁ። አሁን እቃ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ ስር ሦስት ጠርሙስ ጠጅ ተኝቷል። አንዱ በወይራ ታጥኗል፣ በዚህ ማሸነፍ አልቻልኩም።